ለእሜቴ የነገርኳት

እናቴ ቀኝ ክንዷን የሰበረችው ሰኞ ጠዋት በረት ውስጥ አንሸራትቷት ነው። የዚያኑ ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ሐኪሞቹ እስከ እሑድ አንለቃትም አሉ። እኔ ቤት ቀረሁ፤ ከእሜቴ ጋር።

እሜቴ ላማችን ናት። ስትራመድ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ትመስላለች ብላ ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። በረቷ ከወጥ ቤታችን ጀርባ ነው፤ የሚለያየን አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። በመንገዳችን ላይ ያሉ ዘጠኝ ቤቶችና ጥግ ላይ ያለው ሻይ ቤት ወተት የሚያገኙት ከእሷ ነው።

ከሆስፒታል ስመለስ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም። በረቱን ጠረግሁ፣ ባልዲዎቹን ፈተግሁ፣ በበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የእናቴን የማለቢያ ጋዋንም በዱቄት ሳሙናና በበረኪና አጥቤ አሰጣሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ማታ ላልባት ስቀመጥ እሜቴ ጋዋኑን አሸተተችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ወተት ሰጠችኝና ቀሪውን ያዘችው።

እኔ በእንስሳት እርባታ ተመርቄአለሁ። ስለ ግት አሠራር የሃያ ገጽ ጽሑፍ አቅርቤ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። በዩኒቨርሲቲው እርሻም ላሞች አልቤአለሁ። እሜቴ ግን ጽሑፌን አላነበበችውም።

ማክሰኞ የእንስሳት ሐኪሙ መጥቶ ወተት የሚያስለቅቅ መርፌ ወጋት። ግማሽ ባልዲ ለቀቀችና ባልዲውን በእግሯ ገለበጠችው። ሐኪሙ ሱሪውን እየጠረገ፣ “በየቀኑ ከወጋናት ያለ መርፌ መታለብ ትረሳለች” አለኝ። “ነገ ጠዋት በራሷ ካልለቀቀች ግቷ ይታመማል። ከታመመ ደግሞ ላሟንም ልታጧት ትችላላችሁ።”

ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ግቷ እንደተነፋ ኳስ ጠጥሮ ነበር። ስነካው ይፋጃል። እሜቴ የኋላ እግሮቿን አራርቃ ቆማ ታቃስታለች።

አጎቴ በማለዳ መጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ዓለምን በሞላ የሚያየው በመኪና ነው። በረቱ በር ላይ ቆሞ እጁን ኪሱ ከተተ።

“ሞተሯ ነክሷል” አለ።

“ሞተሯ ደህና ነው፣ ጋሼ። ተበሳጭታ ነው።”

“እንግዲያው ያንን ዲግሪሽን አምጥተሽ ፊቷ ላይ ስቀዪላት፤ አንብባ ትለቅልሽ ይሆናል።” ሳቅሁ ለማለት ያህል ሳቅሁ። እሱ ግን ሳቁን ቶሎ ተወና ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስሚ፣ የኔ ልጅ፤ ለባለ ሉካንዳው ደውዬለታለሁ። አራት ሰዓት ላይ ይመጣል። ግቷ ከተመረዘ በኋላ ማንም አይፈልጋትም፤ እሷም በከንቱ ትሠቃያለች።”

ክፉ ሰው አይደለም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ አስብ ነበር። ነገር ግን እናቴ እሑድ ወጥታ ባዶ በረት ስታይ ቆሜ ማየት አልችልም። አጎቴ ሻይ ሊጠጣ ሲወጣ ደወልኩላት።

“እማዬ፣ እሜቴ ወተቷን ይዛለች።”

“ጋዋኔን ለብሰሻል?”

“አጥቤው ነበር።”

“በምን?” አለች።

“በዱቄት ሳሙና።” “በበረኪናም” ብዬ ጨመርኩ።

“ልጄ፣ እኔን ነው አጥበሽ ያጠፋሽኝ።”

ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጌ ወደ እሜቴ ጆሮ አስጠጋሁት። እናቴ “እሜቴ! የኔ ወይዘሮ!” ስትል ላሟ ደነገጠች፤ ዞራ ዞራ ፈለገቻት፤ ስታጣት ግድግዳውን በቀንዷ ገጨችው። ስልኩን ወዲያው ነጠቅሁ።

“ተይው፣ ተይው” አለች እናቴ። ከዚያ የነውር ነገር እንደምትናገር ድምፅዋን ሸሸግ አድርጋ፣ “ሳልባት አወራታለሁ” አለች።

በየማለዳው ከግድግዳው ማዶ ጉርምርምታ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ስልክ እያወራች ይመስለኝ ነበር።

“ምን ትያታለሽ?”

“የሰፈሩን ነገር ነዋ! ማን አገባ፣ ማን ተጣላ...”

“ሐሜት ነው?”

“ምን ሐሜት አለው፣ ዜና ነው! ላም ለማን ትናገራለች? ብቻ ዝም እንዳትያት፤ ዝም ካልሽ ሌባ ትመስያታለሽ።”

ስልኩን ዘግቼ ዱካዬ ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ታክሲ ውስጥ “ወራጅ አለ” ማለት አፍሬ ሁለት ፌርማታ አልፌ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ። ጉሮሮዬን ጠራረግሁና የማውቀውን ጀመርኩ።

“የወተት መፍሰስ ከአንጎል በሚመነጭ ሆርሞን ይመራል...”

በጭራዋ ፊቴን መታችኝ።

የሰፈሩን ዜና ልነግራት ፈለግሁ፤ ለካ ምንም አላውቅም። ማን እንዳገባም ማን እንደተጣላም አልሰማሁም። ግንባሬን ጎኗ ላይ አስደገፍኩ። ሙቅ ነበር፤ ከውስጥ እንደሚያጉረመርም ድስት ይንገጫገጫል።

“እሜቴ፣ እኔ የማውቀው ያንቺን ነገር ብቻ ነው” አልኳት። “አራት ዓመት ሙሉ የተማርኩት ስለ እናንተ ነው።”

ጆሮዋ ወደ ኋላ ዞረ።

“ዛሬ ጠዋት ሻይ ያፈላሁት ባንቺ እበት ጋዝ ነው። ጫማዬ ያንቺ ዘመድ ቆዳ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። የእማዬ ካፖርት ቁልፎች ቀንድ ናቸው። የጎረቤታችን ቲማቲም እንደዚያ የሚቀላው ለምን መሰለሽ? ‘እጄ የተባረከ ስለሆነ ነው’ ይላል፤ እበት እየወሰደ! የጎረቤታችን ሕፃንስ? እናቱ ወተቷ የደረቀባት ጊዜ የሕፃናት ሐኪሙ ‘ዓመት ሳይሞላው የላም ወተት አይቅመስ’ ያላትን ታስታውሻለሽ? ዓመት ሲሞላው ወደ አንቺ አመጡት፤ አሁን አጥር ይዘላል።”

ጣቶቼ ሥር አንድ ነገር ለሰለሰ። ቀጭን ወተት ባልዲው ውስጥ ጥርር አለ። አፌን አልዘጋሁም።

“ፈንጣጣ ሰው ሲጨርስ ክትባቱ የተገኘው ከላም አላቢ እጅ ነው። ከናንተ ቀላሉ የላም ፈንጣጣ የያዛቸው ሴቶች ትልቁ ፈንጣጣ አልነካቸውም። ይኼን ስማር ክፍል ውስጥ እንባዬ መጣ፤ ለማንም አልነገርኩም። ሰው ዋሻ ግድግዳ ላይ ሲሥል ራሱን በጭረት ጭረት ጨርሶ እናንተን ግን በቀንዳችሁ ልክ፣ በሆዳችሁ ልክ አሳምሮ ሣላችሁ። ማን እንደሚያኖረው ያውቅ ነበራ!”

ወተቱ አሁን በሁለቱም እጄ ይወርዳል፤ ባልዲው ውስጥ አረፋ ተነሥቷል።

“ለአጎቴ ደግሞ አትንገሪው እንጂ፣ እሱ ‘ቫልቭ አስቀየርኩ፣ የፋብሪካ ብረት ነው’ እያለ ሰፈሩን ሁሉ የሚያስቀናበት የልብ ክዳን ብረት አይደለም። ከላም ልብ ሽፋን የተሰፋ ነው። የሆስፒታሉን ወረቀት እኔ ነኝ ያነበብኩት።”

“ቫልቩ ምን?”

እጄ ቆመ። ወተቱም ቆመ። አጎቴ በሩ ላይ ነበር፤ ከጎኑ ባለ ሉካንዳው ገመድ ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። አራት ሰዓት እንደደረሰ አላወቅሁም። እሜቴ እግሯን ስታነሣ ግቷ መዳፌ ውስጥ መልሶ ሲጠጥር ተሰማኝ።

አሁን ዝም ካልኩ ገመዱ ይገባል። ዓይኔን ከጎኗ ሳላነሣ፣

“የላም ነው፣ ጋሼ” አልኩ።

“ብረት ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?”

“ያልከው አንተ ነህ። እኔ ደስ ሲልህ ሳይ ዝም አልኩ። ደግሞ ከብረት ይሻላል፤ ሰውነትህ የወደደው ለስላሳ ስለሆነ ነው። ሦስት ዓመት ደረጃ የወጣኸው በላም ነው።”

ወተቱ ተመለሰ። ባልዲው ውስጥ ሲወርድ ሦስታችንም ሰማነው።

ባለ ሉካንዳው ገመዱን ከትከሻው አወረደ። “ታዲያ ማንን ልውሰድ?” አለው። “እሷን ነው ወይስ አንተን?”

“ሂድ ወደዚያ!” አለ አጎቴ። ግን አልጮኸም። ሸሚዙ ላይ የመኪና ቁልፍ እንደጠፋበት ሰው ደረቱን ዳበሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ “አንቺ ምን አቆመሽ? ቀጥዪ እንጂ” አለኝ።

ባለ ሉካንዳው ባዶ የመኖ በርሜል ደፍቶ ተቀመጠ። ሁለት ወንዶች ፊቴ ላይ አፍጥጠው እያዩኝ፣ ስለ እርሻ አወራሁ፤ ሞፈር ስለጎተቱት ወንድሞቿ፤ በጥጃ ቆዳ ላይ ይጻፍ ስለነበረባቸው ዘመናት፤ “አ” የምንላት ፊደል ድሮ የበሬ ራስ ሥዕል እንደነበረች። ባለ ሉካንዳው “እውነትሽን ነው?” ሲለኝ መልስ ሰጠሁት፤ ጥያቄ ሲጨምር ጨመርኩለት። ክንዴ ዛለ። አጎቴ ሁለተኛውን ባልዲ አምጥቶ እግሬ ሥር አኖረልኝ፤ እኔም ግቷ ባዶ ሆኖ፣ ቆዳው ተሸብሽቦ እስኪንጠለጠል ድረስ አወራሁ።