አንድ አምስተኛ ሰከንድ

«አንተ ሰውዬ፣ ኧረ አንድ ቦታ ተቀመጥ!» አለችው የሟቿ ታላቅ እህት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሰው እያየህ ነው እኮ።»

ሊፍት ጠጋኙ አልሰማትም። ለቀስተኛ በሞላው ሳሎን ተንበርክኮ የበሩን ብሎን በካቻቪቴ ያጠብቃል። ሚስቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀን ነው። በነዚህ ቀናት የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ጠግኗል፣ የሻይ ፔርሙሱን ክዳን አስተካክሏል፣ ደህናውን ወንበር ሳይቀር እየገለበጠ አይቷል። እንባ ግን ጠብ አላለውም።

«ደንግጦ ነው» ይላል አንዱ በሹክሹክታ። «ድንጋይ ሆኖ ነው እንጂ» ይላል ሌላው።

እረፍት የነሳው ሐዘኑ ብቻ አልነበረም። ሚስቱን ዋሽቷት ነበር።

ሚስቱ የሰማይ ተመራማሪ ነበረች። ከአንድ ያረጀ የሳተላይት መዝገብ ውስጥ አንድ አምስተኛ ሰከንድ የቆየች ብልጭታ አግኝታ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እሷ ስታወራ ኖረች።

«ማግኔታር ነው የላካት» ትለው ነበር እራት ላይ። «ሞቶ የተኮማተረ ኮከብ። ስፋቱ አንዲት ከተማ ቢያክል ነው፣ ክብደቱ ግን ከፀሐይ ይበልጣል። መግነጢሱማ አይነሳ! መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀህ እንኳ የባንክ ካርድህን ያጠፋዋል።»

«የኔን ካርድ ምኑን ያጠፋዋል? ባዶ አይደል?»

ትስቃለች።

ጽሑፏን ለመጽሔት በላከች በወሩ ታመመች። ሆስፒታል ተኝታ በየጠዋቱ «መልስ መጣ?» ትለዋለች። መልሱ የሚመጣው አብራት ለጻፈችው ወጣት ባልደረባዋ ነበር። አንድ ቀን እህል አልቀምስ ስትለው ጨነቀውና «ተቀብለውታል!» አላት። ግማሽ ሙዝ በላች። በአራተኛው ቀን አረፈች።

ያቺ ባልደረባዋ ለቅሶ ልትደርስ በር ላይ ብቅ ስትል፣ ጠጋኙ ካቻቪቴውን እንደያዘ ወደ ኩሽና ወሰዳት።

«እውነቱን ንገሪኝ። ምን ብለው መለሱ?»

ልጅቷ አቀረቀረች። «አልተቀበሉትም፣ ጋሼ። ‹የመሣሪያ ስህተት ነው› አሉ።»

«እኔ እኮ ተቀብለውታል አልኳት! ዋሽቼ ሸኘኋት።»

«ታውቅ ነበር። እርስዎ ከመንገርዎ አንድ ቀን በፊት ነግሬያታለሁ።»

ክው አለ። «ታዲያ ምን አለች?»

«በማግስቱ ስሄድ እየሳቀች አገኘኋት። ‹ሲዋሽ ጆሮውን ያካል፤ ዛሬ ሁለቱንም አከከ። እንዳይከፋው ብዬ ያንን ሙዝ በግድ ዋጥኩለት› አለችኝ። እንዳልነግርዎትም አስምላኝ ነበር።»

ጠጋኙን ሳቅ አመለጠው። ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ግድግዳውን ተደግፎ ይንሰቀሰቅ ጀመር። እህቲቱ ሮጣ መጣችና ጀርባውን ታሻሸው ጀመር።

ሲረጋጋ ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች፣ «ሌላም ሳተላይት ያቺኑ ብልጭታ የመዘገበ ይመስላል» አለች። «ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ከሆነ ግን የመሣሪያ ስህተት አልነበረም ማለት ነው። ለማነጻጸር የሷ ስሌት ያስፈልገኛል።»

የሚስቱን ላፕቶፕ ከመኝታ ቤት አምጥቶ ከፈተላት። ብልጭታዋ እንደ መርፌ ቀጥ ያለች መስመር ሆና ስክሪኑ ላይ ቆማለች። ዙሪያዋን የሚስቱ የጣት አሻራ ሞልቶታል፤ «እያት! እያት!» እያለች ስትነካካው የቀረ ነው። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ አሻራውን አጉልቶ የስሌቱን ቁጥሮች ሸፈናቸው። ልጅቷ ልትጠርገው የሻርፗን ጫፍ ሳበች።

እጇን ያዛት።

«ተይው» አላት። «ጎንበስ ብለሽ እዪው።»

ከዚያም በመስኮቱና በስክሪኑ መሐል ገብቶ ጥላ ሆነላት። አንብባ እስክትጨርስ ከዚያ አልተነቃነቀም።