ባለ ሁለት ወንበሮቹ

አጎትየው መካኒክ ናቸው። የእህታቸው ባል ሲሞት ለሁለት ልጆቹ ሁለት የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ትቶ ሄደ። መኪኖቹ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ፣ በሰባት ዓመት የሚበላለጡ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት ወንበር ናቸው። የታላቅየው ቀይ ነው፤ ጣራ የለውም፣ ዳሽቦርዱ እንጨት፣ ጎማው እንደ ብስክሌት ሽቦ ያለው። የታናሽየው አረንጓዴ ነው፤ ጣራ አለው፣ ዳሽቦርዱ ፕላስቲክ፣ ወንበሩ ሞቅ ያለ። የቱ ይበልጣል ተባብለው ከተኳረፉ ይኸው ሦስት ዓመታቸው። አይ ልጅነት! አንዱ አርባ ሦስት፣ ሌላው አርባ ዓመቱ ነው።

እናታቸው እግሯ ተሰብሮ ሆስፒታል ከተኛች ወር ሆኗታል፤ ቅዳሜ ትወጣለች። ሐሙስ ዕለት አጎትየው ሊጠይቋት ሲሄዱ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ወንድም ዓለም፣ ሁለቱም አንድ ላይ ካልመጡ ከዚህ አልጋ ንቅንቅ አልልም» አለች። እንባዋ መጥቶ ስለነበር ቀልድ እንዳልሆነ ገባቸው።

አጎትየው ጭንቅ ያዛቸው። ምስጢር ነበራቸዋ። መኪኖቹ የሚያድሩት እሳቸው ጋራዥ ነው፤ ለሁለቱም ያለው የነዳጅ ፓምፕ ደግሞ አንድ ብቻ። ታላቅየው ሲፈልግ ከአረንጓዴው ፈትተው ቀዩ ላይ ይገጥሙታል፤ ታናሽየው ሲፈልግ መልሰው ይፈቱታል። ወረፋ ያልደረሰውን «ዕቃ አዝዣለሁ፣ ትንሽ ታገስ» ይሉታል። ወንድማማቾቹ አንድ ቀን ቢያወሩ ጉዱ ይወጣ ነበር። ደግነቱ አያወሩም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱም በመኪናቸው እናታቸውን ሊያመጡ ጋራዡ ጋ እኩል ከች አሉ።

«ጋሼ፣ ጣራ በሌለው መኪና በሽተኛ ይጫናል ወይ? ይንገሩልኝ» አለ ታናሽየው።

«ጋሼ፣ በዚያ በር ጀሶ የታሰረ እግር ይገባል ወይ? ይንገሩልኝ» አለ ታላቅየው።

አጎትየው ፓምፑን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ያለን ይሄ ነው፤ ለሁለቱም አንድ። አባታችሁም ሲነዳ የኖረው እንዲሁ እያፈራረቀ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»

ታላቅየው ፓምፑን አየ፤ ቀጥሎ ወንድሙን አየ። «ባለፈው እሁድ እኔ በእግሬ የሄድኩት አንተ ስትነዳ ነው?»

«ማክሰኞ እኔ በታክሲ የሄድኩትስ?»

በሦስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ጨዋታቸው ይሄ ነው።

«በል ላንተ ይግጠሙልህ፤ ጣራ አለው» አለ ታላቅየው።

«ኧረ ላንተ ይሁን፤ ታላቅ ነህ።»

«ላንተ አልኩህ እኮ!»

«አልፈልግም አልኩህ!»

አሁን ደግሞ በዚህ ተጣሉ። አጎትየው ደስታቸውን ዋጥ አድርገው ፓምፑን ኪሳቸው ከተቱና ታክሲ ጠሩ።

ሲመለሱ አጎትየው ከፊት ተቀመጡ። እናት ከኋላ ታላቅየውን ተደግፋ፣ የታሰረ እግሯን ታናሽየው ጭን ላይ ዘርግታለች። ለመተንፈሻም ቦታ የለም።

«የማንኛችሁ መኪና ነው የተበላሸው?» አለች።

«የሁለታችንም» አሉ እኩል።

«ተመስገን!» አለች እናት።