የሎጋው ቁመት

ሻንጣዋን በሩ ላይ ጥላ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በቀጥታ ወደ መስኮቱ ሄደችና የቁልቋሉን ግርጌ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷ ሰመጠ። ከሦስት ሳምንት በፊት እንደ ድንጋይ የጠነከረው ግንድ እንደ በሰለ ሙዝ ሆኖ ጠበቃት።

"እህሳ?" አላት ባሏ ከኋላዋ። የውሃ ጆጉን በእጁ እንደያዘ ነበር። "አደራ በላሁ?"

ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋ ጫነች። እዚያም ለስልሷል።

ልብስ ሰፊ ናት። የሥራ ቦታዋ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ማሽኑ፣ የመተኮሻው ጠረጴዛ፣ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ አጠገብ ደግሞ ሎጋው። ሎጋው ብለው ስም ያወጡለት ደንበኞቿ ናቸው። ቅርንጫፍ የሌለው፣ ጎኑ በስድስት ሸንተረር የተከፋፈለ፣ ወደ ጣሪያው ቀጥ ብሎ የወጣ ቁልቋል ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከሰፈሩ የለቀቀች አንዲት ደንበኛ አውራ ጣት የምታህል ቁራጭ በእርጎ ኩባያ ትታላት ሄደች፤ ከዚያች ቁራጭ ያሳደገችው እሷ ናት። ወደ ብርሃኑ እንዳያዘነብል በየሳምንቱ ሸክላውን ሩብ ዙር ታዞረዋለች። አፈሩን ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ግማሽ በግማሽ ትቀላቅላለች። ውሃ በወር አንዴ ነው፤ በብርዱ ወራት ጨርሶ የለም። በየዓመቱ ቁራጯን በተቀበለችበት ቀን በሥራ ሜትሯ ትለካውና ከጎኑ ባለው ግድግዳ ላይ በእርሳስ ሰረዝ አስምራ ቁመቱን ትጽፋለች። የልጇን የጫማ ቁጥር ብትረሳ ትረሳለች እንጂ የሎጋውን ቁመት ከእንቅልፏ ቢቀሰቅሷት እንኳ ሳትሳሳት ትናገራለች፤ ሁለት ሜትር ከአርባ ሦስት። በዚያ ግድግዳ ላይ ከእሷ በቀር ማንም ጽፎ አያውቅም። ጠማማ መስመር ስለማትወድ ነው፤ ደግሞም የእሷ ስለሆነ ነው።

"ስንት ጊዜ አጠጣኸው?" አለችው።

"ስንት ጊዜ ትላለች እንዴ! በየማለዳው ነዋ። አንድ ቀን አላጓደልኩም። ከሥሩ ያለው ሳህን እስኪሞላ ድረስ።"

ደረቱን ነፍቶ ነበር የተናገረው፤ የሚነፋበትም ምክንያት ነበረው። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ አንድም ቀን ሞተር አግሎ መንገድ ላይ ቀርቶ አያውቅም። ምስጢሩን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል፤ ማለዳ፣ ቁልፉን ከማዞር በፊት፣ የራዲያተሩን ውሃ ማየት ነው። ጡረታ ከወጣ ዓመት ሞላው፤ እጁም ሥራ ፈትቷል። ልጃቸው ስለወለደች እሷ ልትረዳት ስትሄድ፣ መኪናው ላይ እግሯን ካነሳች በኋላ ዞር ብላ "ቁልቋሉን አደራ!" አለችው። ሌላ ቃል አልጨመረችም። የወሩን ውሃ አጠጥታው ስለነበር የሚነካው ይኖራል ብላ አላሰበችም። ሹፌር ግን አደራ ሲሉት ውሃ ያያል።

"በስብሷል" አለች።

"ማን?"

"ሎጋው። ውሃ በዝቶበታል።"

ባሏ ጆጉን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋበት። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ከዚያ አንስቶ ወለሉ ላይ አኖረው። "እኔ እኮ..." ብሎ ጀመረና አቋረጠ። "ቅጠል እንኳ የለውም፤ ቢጠማው በምን ያስታውቃል ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ደግሞ ዛሬ! ልጆቹ የሚመጡት ዛሬ አይደል?"

ዛሬ ነበር። የሰፈሩ ትምህርት ቤት መምህርት ተማሪዎቿ ርዝመት መለካት ሲማሩ ሎጋውን እንዲለኩ ጠይቃት፣ እሷም ፊቷ በርቶ ለዛሬ ከምሳ በኋላ ቀጥራቸው ነበር። ከልጇ ቤት በመጀመሪያው መኪና የተሳፈረችውም ለዚሁ ብላ ነው።

"እንዲህ እናድርግ" አለ ባሏ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ግርጌውን በጨርቅ ሸፍኚው። ልጆቹ ለክተው ይሂዱ። ነገ ትቆርጪዋለሽ።"

እውነቱን ለመናገር እሷም አስባው ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለልጇ አማቶች ፎቶውን እያሳየች "ጣሪያ ሊበሳ ነው" ስትል ከርማለች። ያንን ቁጥር ከልጆቹ አፍ አንድ ላይ መስማት አምሯት ነበር። ቀና ብላ የሎጋውን ጫፍ አየች፤ አዲስ አረንጓዴ፣ ምንም የማያውቅ። ከዚያ ጎንበስ ብላ ግርጌውን አየች።

"ብስባሽ ለእንግዳ ብሎ አይቆምም" አለች። "ዛሬ ስንዝር ነው፣ ነገ ወገቡ ላይ ነው። ጓንትህን አምጣ።"

ወፍራም የካፖርት ጨርቅ አራት እጥፍ አድርጋ ግንዱ ላይ ጠመጠመችው። ባሏ የመንጃ ጓንቱን አጥልቆ ከነጨርቁ አቀፈው። ረጅሙን የዳቦ ቢላዋ በአልኮል ጠረገች።

"አጥብቀህ ያዝ።"

"ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የያዘ እጅ ነው።"

"መሪ አይወጋም።"

ሳያስቡት ሁለቱም ሳቁ። ከግርጌው ሁለት ስንዝር ከፍ ብላ ቆረጠች። ግንዱ ሲለይ ባሏ እያቃሰተ ተሸክሞ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። የተቆረጠው ፊት ላይ፣ መሐሉን የከበቡ ቡናማ ነጥቦች ነበሩ። የጤነኛ ቁልቋል ውስጡ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ነጥብ ካለ በሽታው ከቢላዋው ቀድሞ አልፏል ማለት ነው። ቢላዋውን ጠርጋ አራት ጣት የሚያህል ክብ ቆርጣ ጣለች። ስምንት ነጥብ። ጠርጋ ቆረጠች። አምስት። እንደገና። የሚወድቀው ሁሉ ከታች ነው፤ ከታች ያለው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው፤ ልጇ ትምህርት ቤት የገባችበት፣ ባሏ እግሩ ተሰብሮ የተኛበት፣ አሮጌው ማሽን የተቀየረበት። እንባዋ መጣ፤ ቢላዋውን ግን ጠርጋ ቀጠለች።

አንዲት ነጥብ ቀረች፤ የመርፌ ጫፍ ብታህል ነው።

"ይቺን እንኳ ተያት" አለ ባሏ። "ቁመቱ አለቀ እኮ።"

"አንዲት ክር ተንጠልጥላ ትቼ አውቃለሁ?"

"አታውቂም።"

"እንግዲያው ያዝ።"

ቆረጠች። ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ አንድም እንከን የሌለው። ቁርጡ ደግሞ እንዴት ያለ ነበር! በጠመኔ አስምራ እንኳ እንዲህ ቀጥ አድርጋ የቆረጠችበትን ቀን አታስታውስም። ሐዘኗ ሳያልፍ ኮራች። ቁስሉ እስኪደርቅና ጠባሳ እስኪያበጅ ሎጋው አንድ ወር ያህል ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ መቆም ነበረበት። ደረቅ የፍራፍሬ ሣጥን ውስጥ አቁመው ከሰረዞቹ አጠገብ ግድግዳው ላይ አስደገፉት። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ሰረዞች ከራሱ በላይ ቀሩ።

ከምሳ በኋላ ሃያ ሁለት ልጆች ጫማቸውን በር ላይ ከምረው ገቡ። መምህርቷ ደፍ ላይ ቆመች።

"ውይ እትዬ! ሎጋው ምን ሆነብዎት?"

መልሱን አዘጋጅታ ነበር። ሱሪ እንደሚያጥር አሳጠርኩት ልትልና ልትስቅ ነበር፤ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ግን ከፊት የቆመች፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ ሣጥኑን ጎንበስ ብላ አየችና "ታሞ ነው?" ብላ ጠየቀች። እንዲህ ለሚጠይቅ ልጅ ቀልድ አይመለስም።

"ታሞ ነበር። ውሃ በዝቶበት ግርጌው በሰበሰ። ቆርጠን አዳንነው።"

"ማን ነው ያበዛበት?"

"አንቺ ልጅ!" አለች መምህርቷ።

"ውሃ አንዳንዴ..." ብላ ጀመረች ልብስ ሰፊዋ።

"እኔ ነኝ" አለ ባሏ ከበሩ።

ሁሉም ዞሩ። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞታል። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገቡ ላይ አንድ ጥፋት ያልተጻፈበት ሰው ነው፤ ይህንንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ራሱ ስለነገረው።

"በየቀኑ አጠጣሁት" አለ። "የማይጠማ ነገር ያለ አልመሰለኝም። እንደ አውቶቡስ ነው የያዝኩት።"

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። እሱም ፊቱ እንደቀላ ሳቀ።

"ታዲያ አባባ፣ ማን አዳነው?" አለች ጥርሰ ወላቃዋ።

"እሷ ናታ።"

"ይዞልኝ ነው" አለች ሚስቱ። በባሏ ኮራች። ሎጋው ሁለት ሜትር የሞላ ቀን እንኳ እንዲህ አልኮራችም።

ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። አንዱ ታች ያዘ፣ ረጅሟ ወንበር ላይ ወጥታ ጫፉን ያዘች፣ እሾህ ወጋኝ ያለም አልጠፋ። በመጨረሻ ሃያ ሁለቱም ባንድ አፍ ጮኹ፦

"አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት!"

"አሁንም ካንቺ ይረዝማል" አለ ባሏ።

"ይጻፉት እንጂ እትዬ" አለች መምህርቷ።

እርሳሱ እንደ ወትሮው ጆሮዋ ላይ ተሰክቷል። አወጣችው፤ ወደ ግድግዳው አንድ እርምጃ ሄደች፤ ከዚያ ዞረችና ለባሏ ዘረጋችለት።

"ጻፍ።"

"እኔ? እዚህ ግድግዳ ላይ?"

"አንተ።"

ኮፍያውን ለልጅቷ አስይዞ ጠጋ አለ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ትንፋሹን ውጦ አሰመረ። ሰረዙ ወደ ቀኝ ዘቅዝቆ ወረደ። ከጎኑ የጻፈው ስምንት ቁጥር ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል። ከአሥራ ዘጠኙ ቀጥ ያሉ ሰረዞች መሐል ከሩቅ ያስታውቃል።

"ጠመመ መሰለኝ" አለ።

አይታዋለች። እጇ ወደ ሽርጧ ኪስ ገባ፤ ላጲሱ እዚያ ነበር። እዚያው ተወችውና ሜትሯን ከልጆቹ ተቀብላ፣ ጠቅልላ፣ ላጲሱ ላይ ከተተችው።