የሰባት ቁጥር በር ካርድ

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ይቺን ለማንም እንዳታወሪብኝ። ማለቴ ወሬው ሁሉም ጋ ደርሷል፣ ግን እኔ እንደማወራልሽ አድርጎ የሚያውቀው የለም።

ትምህርት እንደጨረስኩ የገባሁበትን ማዋለጃ ታውቂዋለሽ አይደል? ባለቤቷ ሃያ ዓመት ሆቴል ያስተዳደረች ሴትዮ ናት፤ በሌለችበት «ሪሴፕሽን» ነው የምንላት። እሷ ጋ ወላድ የሚባል የለም፣ እንግዳ ነው። «አይቻልም» ማለት ክልክል፣ ፊት ማጥቆር ክልክል። አልጋው ላይ ፎጣ በወፍ ቅርጽ አጣጥፈን እናስቀምጣለን፤ እናትየዋ ግን በምጥ ስለምትመጣ ወፏ ላይ ነው የምትቀመጠው።

በየበሩ ደግሞ ካርድ ተንጠልጥሏል። በአረንጓዴው በኩል «ይግቡ»፣ በቀዩ «አይረብሹን»። ቀይ ከሆነ እንግዳዋ ራሷ ካልደወለች ማንም አያንኳኳም። የኔ ሥራ በየሦስት ሰዓቱ እየዞርኩ ሕፃኑ ጠባ ወይ፣ ሸና ወይ ብዬ ጠይቄ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። ይሄ ነገር ከመሆኑ ከሳምንት በፊት አንድ ቀይ በር አንኳኩቼ፣ ሪሴፕሽን በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የት ነው ያደግሽው፣ ገበያ መሃል ነው?» ብላ አዋርዳኝ ነበር። ከደገምሽ ዕቃሽን ሸክፈሽ ትወጫለሽ ተብዬ ነበር።

ነገሩ የሆነ ቀን ሰባት ቁጥር ውስጥ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ነበረች፣ ሁለተኛ ቀኗ። ልጁ ሚጢጢ ነው፣ ሌሊቱንም በደንብ አልጠባም። አዋላጇ፣ ሲስተር ነው የምንላት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሌላ ወላድ ልታዋልድ ስትገባ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «የሰባት ቁጥሩን በየሦስት ሰዓቱ ቀስቅሺው፣ እግሩን ኮርኩረሽም ቢሆን። ካልጠባ ጥሪኝ። ዝም ስላለ ጨዋ ነው ብለሽ እንዳትሸወጂ፣ ለማልቀስ አቅም አጥቶ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት።

አምስት ሰዓት ላይ ስሄድ ካርዷ ቀይ ናት። ቢሆንም እጄን አነሳሁ። ሪሴፕሽን ከኋላዬ መጥታ በዚያ ማር በሚመስል ድምጿ፣ «የኔ እመቤት፣ ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለችኝ። ሲስተር ያዘዘችኝን ነገርኳት። እንግዳ ሲርበው ራሱ ያዛል፣ አለችኝ። እጄን አወረድኩ። ወረቀቱ ላይ «ተኝቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ስምንት ሰዓትም ቀይ። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። እናትየዋ ስልክ እያወራች ትስቃለች፤ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ እንደሆነ፣ ከጠዋት ጀምሮ ድምፁን እንዳልሰማች፣ ደግነቱ በለፍላፊው አባቱ እንዳልወጣ። እኔም ሳቅኩ። «ተኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። ሲስተር ያለችበት ክፍል አሥር እርምጃ አይሆንም፤ አልጠራኋትም። እውነቱን ልንገርሽ? ሁለተኛ መዋረድ ፈርቼ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሲስተር ላቧን እየጠረገች ወጣችና ወረቀቱን አየች። በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። የልጁ ከንፈር ደርቆ ተሰነጣጥቋል። እጁን ስታነሳው ተመልሶ ዱብ ይላል። ዳይፐሩ ደረቅ ነው። እናትየዋ ከተጋደመችበት ቀና ብላ፣ «ምነው ሲስተር፣ ካርዱን አላየሽውም እንዴ?» አለቻት፣ እየሳቀች።

ሲስተር ልጁን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወደ ደረጃው ስትሮጥ ሪሴፕሽን መንገድ ዘጋችባት። በጓሮ በኩል ውጪ፣ ሳሎን ውስጥ እንግዳ አለ አለቻት። ሲስተር ገፍትራት አለፈች።

ልጁ አልሞተም። ግን ትልቁ ሆስፒታል ያሉት ሐኪሞች አንጎሉ ተጎድቷል አሉ፤ ያንቀጠቅጠዋል፣ ወደፊት ይሂድ አይሂድ፣ ይናገር አይናገር አይታወቅም። ሲስተር ሳያንኳኩ እንግዳ ክፍል ገብታለች ተብላ ተባረረች። በሳምንቱ እናትየዋ የቀረ ዕቃዋን ልትወስድ መጣች። ሪሴፕሽን ፈገግ በይ ብላ ቦርሳዋን እኔን አሸከመችኝ። ስለ ወረቀቱ ማንም አልነገራትም፤ እኔም አልነገርኳት። በር ላይ ስንደርስ አቀፈችኝ። «ከሁሉም አንቺ ተመችተሽኛል፣ እህቴ። አንድም ቀን አልረበሽሽኝም።»

አሁን ፎቶዬ መግቢያው ላይ ተሰቅሏል፣ የወሩ ምርጥ አስተናጋጅ ተብሎ። ጸጉሬ ራሱ አምሮበታል።

ትናንት ይሄን ሁሉ፣ ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ አብራኝ ለተቀመጠችው ጓደኛዬ ነገርኳት። ምን ላድርግ፣ ካርዷ እኮ ቀይ ነበረች አልኳት። ጥፍሯን እየቀባች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ እንዲህ አለችኝ፦

«በሩ ተቆልፎ ነበር እንዴ?»