የልብስ ሰፊዋ ጉሮሮ

እኔ በሥራዬ ለማንም ፊት አልሰጥም። ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ታካሚ በማደንዘዣ አስተኛለሁ፣ እስኪነቃ ትንፋሹን እጠብቃለሁ። ቀዶ ሐኪሙ «ፍጠኚ» ካለኝ፣ «አንተ ሆዱን ጠብቅ፣ ትንፋሹን ለእኔ ተወው» ብዬ አፍ አፉን እለዋለሁ። ክፉ ናት ይሉኛል፤ ይበሉ። የምሸነፈው ለእናቶች ብቻ ነው፤ ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

ልብስ ሰፊዋ እናት የመጡት የሐሞት ጠጠር በቀዶ ሕክምና ለማስወጣት ነበር። ልጅ ሳሉ ወድቀው መንጋጋቸው ተጣብቆ ቀርቷል፤ አፋቸው ከአንድ ጣት በላይ አይከፈትም። አገጫቸውም ወደ ውስጥ የገባ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ አይተኛም። አፍንጫውና ጉሮሮው ይደነዝዝና፣ እንደነቃ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ እስከ ትንፋሽ ቧንቧው ይገባለታል፤ እንቅልፉ ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ለተማሪዎች የማስተምረው እኔው ነኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሆነው ቱቦውን ሲያዩ እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ልጄ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ አስተኝተሽኝ አድርጊው። ነቅቼማ አልችለውም።»

«እማማ፣ ትንሽ ያስልዎታል እንጂ አያምም።»

«እናትሽ ብሆን ነቅቼ ሳለሁ ታደርጊው ነበር?»

አለቀ፤ ሆዴ ባባ። አስተኝቻቸው በጭምብል አየር እየሰጠሁ በካሜራው እገባለሁ ብዬ ራሴን ሸነገልኩና መድኃኒቱን ሰጠሁ።

እንደተኙ ምላሳቸው ወደ ኋላ ወደቀ። ጭምብሉን ብጫን አየር እምቢ አለ። ካሜራውን ባስገባ ደም ጋረደኝ። ከንፈራቸው ጠቆረ። «በአንገት ግባ! ቶሎ!» ብዬ ጮህኩ። ያ ስዘልፈው የኖርኩት ቀዶ ሐኪም አንገታቸውን በጥቶ ቱቦ አስገባ። ደረታቸው መነሳት ጀመረ። ሐሞታቸው ሳይነካ ወጡ።

ለቤተሰቡ የነገረውም እሱ ነው፤ ሊሸፍንልኝ ብሎ «ጉሮሯቸው ድንገት ተዘጋ» አላቸው። ታናሽ እህታቸው ኮሪደሩ ላይ ጉልበቴ ላይ ተደፉ።

«አንቺ ባትኖሪ እህቴን ቀብሬያት ነበር! ውለታሽን እግዜር ይክፈልሽ!»

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! «ኧረ ይነሱ» ብዬ ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው።

ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ግን ጠጠሩ እዚያው ነው። የአንገታቸው ቁስል ሲሽር ልብስ ሰፊዋ ሌላ ሆስፒታል ሊሄዱ እንዳሰቡ ሰማሁ። እዚያ ያለውንም ሐኪም እኔን እንደለመኑኝ ይለምኑታል፤ አንጀቱን ከበሉትም ያስተኛቸዋል። ያኔ ላይነሱ ይችላሉ።

ክፍላቸው ገባሁ። እህታቸው ወንበር ሊለቁልኝ ብድግ ብለው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«አልቀመጥም» አልኩ። «እማማ፣ ጉሮሮዎ ድንገት አልተዘጋም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነቅተው ሳሉ መግባት የነበረበትን ቱቦ፣ ስለለመኑኝ ብቻ ተውኩት። ከእንግዲህ ማንም ሰው ቱቦው ሳይገባ እንዳያስተኛዎት። ቢጨንቅዎትም እንኳ አይለምኑት። ሁለታችሁም ለሚቀጥለው ሐኪም ይህንኑ ንገሩ።»

እህታቸው ትከሻዬ ላይ የነበረውን እጃቸውን አነሱ። ልብስ ሰፊዋ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ለመናገር አንገታቸው ላይ ያለውን የቱቦ ቀዳዳ በጣታቸው ደፈኑ፤ ሻካራ ድምፅ ወጣ።

«እኔ ፈርቼ ለመንኩ። አላውቅማ።» ጣታቸውን አንስተው ተነፈሱና መልሰው ደፈኑት። «አንቺ እያወቅሽ ምን ሆነሽ ሰማሽኝ?»

«አሳዘኑኝ» ልል አፌን ከፈትኩና አፈርኩ።