ካንዴን ከድንጋዩ ስንጠራት

እህቴን ካንዴላሪያ ቾክን ቀብረን እንደተመለስን እናቴ ሙሉዋን እንዳልቀበርናት ነገረችኝ።

"ሬሳዋን ነው የቀበርነው" አለች። "እሷ ገና አልመጣችም።"

በእኛ መንደር ሰው ላቡን ባፈሰሰበት ቦታ ሁሉ ከመንፈሱ ትንሽ ይተዋል። ሲሞት ቤተሰቡ ልብሱን ይዞ እየዞረ፣ ቦታው ላይ እንደ ዕጣን የሚሸት የዛፍ ሙጫ አጭሶ፣ ስሙን እየጠራ ይሰበስበዋል። መንፈሱ ሲገባ ልብሱ ይከብዳል። ካንዴን ከወንዙ ጠራናት፣ መጣች። ከትምህርት ቤቱም፣ በልጅነቷ በርበሬ ከሸጠችበት ገበያም ጠራናት። የቀረው ድንጋዩ ነበር።

ድንጋዩ ከመንደሩ በላይ፣ ጫካው ውስጥ፣ የጥንት አባቶቻችን ካቆሟቸው ሐውልቶች አንዱ ነው። ካንዴ ዕድሜዋን የፈጀችው እዚያ ነው። መጀመሪያ ጥንታዊ ቅርስ ፈልገው ለሚቆፍሩት ሰዎች ምግብ ታበስል ነበር። ቀጥሎ አፈር በወንፊት መንፋት ጀመረች፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች እየጠየቀች ለየቻቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስትመለስ ስለ ጥንቱ ሕዝባችን የሚጽፉ ሰዎች ከየአገሩ እየተነሱ የሚያማክሯት ተመራማሪ ሆነች። ለእኔም ያወቀችውን አካፈለችኝ። የቀረኝን ከእሷ መጻሕፍት ለቅሜያለሁ።

ከእናቴ ጋር የተጣሉትም በዚሁ ድንጋይ ነው። አያቶቻችን ዘር ከመዝራታቸው በፊት እግሩ ሥር ሙጫ ያጨሱ ስለነበር ታችኛው ክፍሉ በጥላሸት ጠቁሮ ነበር። ካንዴ በጥርስ ብሩሽ ቀስ እያለች ጠርጋ ምልክቶቹን አወጣቻቸው። ዙሪያውን አጥር አሠራች፤ ድንጋዩን በገመድ ከለለችው። "እሳት ማንደድ ክልክል ነው" የሚለውን ሰሌዳ በስፓኒሽም በእኛም ቋንቋ ያስጻፈችው እሷ ናት። እሳት ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል ትል ነበር። እናቴ "የእናቴን ጸሎት በብሩሽ ጠረግሽው" ብላ ክረምቱን ሙሉ አኮረፈቻት። ታረቁ፤ ነገሩ ግን ከእናቴ ሆድ አልወጣም።

በጠዋት ወጣን። የአጥሩ በር ላይ የአባቴ አክስት ልጅ ሎሬንሶ ጥበቃ ነበር። የእናቴን ቅርጫት አየና ሰሌዳውን በአገጩ አሳየን።

"እማማ ቶማሳ፣ ይህን ያስጻፈችው የማን ልጅ ናት?"

"የእኔ። ልቆጣት ነው የመጣሁት። ክፈት።"

"ዶክተሩ ከሥራ ያባርረኛል እኮ።"

"ካባረረህ በቆሎ ትዘራለህ። እዚህስ ወንበር ከማሞቅ ሌላ ምን ሠራህ?"

ሎሬንሶ ሳቁ አመለጠውና ከፈተ።

የመንደራችን ወንዶች ጉድጓድ ውስጥ ሆነው እየቆፈሩ ነበር። እናቴ የካንዴን ጥልፍ ሸሚዝ ከቅርጫቱ አውጥታ አንድ ጊዜ ስሟን ስትጠራ አካፋው ሁሉ ጸጥ አለ። መንፈስ ሲጠራ መሬት አይቆፈርም፤ የሚመጣውን መንፈስ አፈር ይጫነዋል።

ጸጥታው ዶክተር ሳላሳርን ከድንኳኑ አወጣው። የቁፋሮው ኃላፊ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ በካንዴ ቀብር ላይ እንደ ወንድም አልቅሷል። እኔ በመሃል ሆኜ አስተረጎምኩ።

"እማማ፣ ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው" አለ። "እሳት ግን አይቻልም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። ከአጥሩ ውጭ ያጭሱ።"

"ከአጥር ውጭ ማን አለ? ልጄ ያለችው እዚህ ነው።"

ያኔ ጠየቅኩት። "ዶክተር፣ ድንጋዩ ምን ይላል? ለእናቴ ይንገሯት።"

አቀረቀረ። "አንዲት እመቤት በዚህ ቦታ ሙጫ እሳት ላይ በተነች ይላል። ያነበበችው ካንዴላሪያ ናት።"

ያሸነፍኩ መሰለኝ። እሱ ግን ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ።

"እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ሐሙስ ከውጭ አገር አጥኚዎች ይመጣሉ። በእነሱ ፊት፣ ልክ ጽሑፉ እንደሚለው፣ እናትሽ ታጭስ። ይቀረጻል። ፈቃዱን እኔ አስወጣለሁ።"

"ምን አለ?" አለች እናቴ።

"ሐሙስ እንግዶች ፊት ይሁን ይላል።"

"ልጄ ለእንግዳ ማሳያ ልትሆን? ንገሪው። ፈቃድ የምጠይቀው ተራራውን ነው። ዛሬ ንጋት ላይ ጠይቄዋለሁ። ድንጋዩ የፈለገውን ይበል፤ እኔ ማንበብ አልችልም።"

ይህን ብላ በገመዱ ሥር አጎንብሳ ገባች።

"ኧረ አንዳችሁ ያዟት!" አለ ዶክተሩ ወደ ጉድጓዱ ዞሮ።

"እኔን ነው?" አለ ማርቲር የሚሉት ጎረቤታችን። "ሚስቴ ከሰማች የማድረው ከአሳማዎቹ ጋር ነው!"

ጉድጓዱ በሳቅ ተሞላ። የተንቀሳቀሰ ግን የለም። ዶክተሩ ራሱ ሲራመድ ፊቱ ቆምኩ።

"እኔን አልፈው ነው የሚሄዱት።"

"እሷ ብትኖር ትከለክላት ነበር" አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አዎ። ብትኖር አንመጣም ነበር።"

እዚያው ቆመ።

እናቴ ድንጋዩ እግር ሥር የሸክላ ሳህኗን አስቀምጣ ፍሙን አራገበች፤ ሙጫውን በተነችበት። ጭሱ ካንዴ ያጸዳቻቸውን ምልክቶች እየላሰ ወጣ። መሬቱን በመዳፏ ትመታ ጀመር።

"ካንዴ! ነይ ውጪ! አንቺ እልኸኛ፣ ጠርገሽው ነበር አይደል? ይኸው መልሼ አጠቆርኩት! ተነስተሽ ተቆጪኝ እንጂ! ምን ታደርጊያለሽ? ብሩሽሽን ጣይው፣ የሚያነብ አይጠፋም። ዶክተሩንም ተይው፣ ሆዱ ሞልቷል፣ ምንም አልሆነ። ካንዴላሪያ ቾክ! እናትሽ ነኝ። ቤት እንሂድ።"

ከወንዶቹ ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ ያለቅሳል። ሸሚዙን ከፍ አድርጋ መዘነችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ደግማ ጠራች። ድምጿ ሲሰነጠቅ ዶክተሩ ባርኔጣውን አወለቀ። ጭራሽ ድምፅ ሲያጥራት እኔ ተቀበልኩና ስሟን ጮህኩ፤ የምችለውን ያህል ጮህኩ።

የእናቴ ክንድ ዝቅ አለ።

"ከብዷል" አለች።

ሸሚዙን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዘለችው። ልያዝልሽ አላልኳትም። እጄ ላይ ከቀለለኝ ምን እንደምሆን ፈራሁ።

ስናልፍ ዶክተሩ "አሁን ሥራ መጀመር እንችላለን?" ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ሳይተረጎምላት ገባት።

"ሰምታ እንዳትመለስ፣ ወንዙን እስክንሻገር ይጠብቅ።"

ጠበቀ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ከኋላችን ወፍ እንጂ የብረት ድምፅ አልነበረም። እናቴ ጎበጥ ብላ እያለከለከች፣ በየእርምጃው በጀርባዋ ያዘለቻትን ካንዴን እየነዘነዘች ወረደች፤ "ጫማሽ ይህን ጭቃ እንዴት ቻለው" ትላለች፣ "ቀጥ በይ፣ አትንሸራተቺ" ትላለች። ወንዙን ተሻግረን ጥቂት እንደሄድን አካፋው ከሩቅ ሲጀምር ሰማን። ቆማ አዳመጠች፤ ማዘያዋን አጠበቀች።

"አሁን ይቆፍሩ" አለች። "የእኔን ይዣለሁ።"