ከስፖኪዮው ውጪ

ጎረቤቷ ማላኪ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ «መኪናዋ አልነሳም አለች» አለ። ካፖርቱ ላይ የቀረው ዝናብ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። «ነዳጅ አላት፣ ባትሪዋም ደህና ነው። ግን ቁልፉን ብታዞሪው ጭጭ ነው። በቃ በትራክተር እጎትታታለሁ።»

ዲምፕና ከባሏ ሬሳ ሣጥን አጠገብ ካለው ወንበር አልተነሣችም። ሣጥኑ መስኮቱ ሥር ክፍቱን ተቀምጧል። ፊንታን በሰማያዊ ሱፉ፣ መቁጠሪያው ጣቶቹ ላይ ተጠምጥሞ፣ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ተኝቷል። ነገ ጠዋት የሬሳ መኪናው ይመጣል፣ ጎረቤቶችም ሣጥኑን በትከሻቸው ይዘው በዚህ በር ይወጣሉ። በሩ ፊት ግን ያቺ ትልቅ ነጭ መኪና ተገትራለች። አልጋና ምድጃ፣ ሽንት ቤት ሳይቀር ሆዷ ውስጥ ይዛ የምትዞር መኪና ናት። ፊንታን ጡረታ እንደወጣ ነበር የገዛት። ዲምፕና ደግሞ ስም አወጣችላት፤ «ጣውንቴ» ትላታለች።

«ትራክተር አያስፈልግም» አለች ሻይ ይዘው ከተቀመጡት ለቀስተኞች መሃል አንዷ። «ከምግብ ጠረጴዛዋ አጠገብ ያለው መቀመጫ ሥር ትንሽ ማብሪያ አለች። ሌባ እንዳይነዳት ብሎ የደበቃት ናት። እሷ ካልተጫነች ሞተሩ አይነሳም።»

ሁሉም ሻይ ሻዩን ማየት ጀመረ።

ተናጋሪዋ ኑአላ ነበረች። ሃምሳ ቢሆናት ነው፤ አጭር ፀጉር፣ ነፋስ ያቀላው ጉንጭ። ከሰዓት በፊት ገብታ የዲምፕናን እጅ ጨብጣ ስሟን ስትናገር ዲምፕና እጇን መንጭቃ ልትወስድ ምንም አልቀራት። ፊቷን ዛሬ ማየቷ ነው እንጂ ስሟንስ በደንብ ታውቀዋለች። ስንት ምሽት የፊንታን ስልክ ላይ ሲበራ አይታዋለች።

ኑአላ እንዲያች ያለች መኪና ገዝታ ምኑንም የማታውቅ ሴት ነበረች። ከራት በኋላ ትደውላለች፣ ፊንታን ስልኩን ይዞ ወደ ግቢ ይወጣል፣ ዲምፕናም መስኮቱን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች። የመጀመሪያው ጥያቄ የሽንት ቤቷ ማጠራቀሚያ የት እንደሚደፋ ነበር። ከዚያ ውሃው በብርድ ወራት ቧንቧው ውስጥ በረዶ ቢሆንስ? እየነዱ ጋዙን መዝጋት ግድ ነው ወይ? ጣሪያው እርጥበት እንዳስገባ በምን ይታወቃል? ፊንታን ሁሉንም ይመልሳል፣ እየሳቀ ይመልሳል። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ብሎ ከተናገረ ብዙ ተናገረ የሚባለው ሰውዬ! ከሽንት ቤት የተጀመረ ወዳጅነት ብላ በልቧ ትስቅ ነበር፤ ሳቁ ግን አንጀቷ ላይ ሲደርስ ይመራል።

ዛሬም ከጠዋት ጀምሮ የሚገባው ለቀስተኛ ሁሉ ስለ እነዚህ መኪኖች ከእሱ የተማረ ነው። አንዱ የመኪናውን ከፍታ ጽፎ መስታወቱ ላይ እንዲለጥፍ ፊንታን ባይነግረው ኖሮ ጣሪያውን ድልድይ ሥር ትቶት ይሄድ እንደነበር አወራ። ባልና ሚስት ደግሞ የፊንታንን ቀልድ እየተቀባበሉ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ። ሁሉም ስለ ተጫዋችነቱ ነው የሚያወሩት። ዲምፕና ለቅሶ ቤት ተሳስተው እንደሆነ ብላ ሬሳውን ዞር ብላ አየችው። ራሱ ፊንታን ነው። ቀናች፤ በሞተ ሰው ሳቅ እንኳ ቀናች።

እሷም እኮ አንድ ጊዜ አብራው ሄዳለች። መኪናዋ በተገዛች ሰሞን አኪል ደሴት፣ ባሕሩ ዳር። ፊንታን ወደ ኋላ እየነዳ ሊያቆማት ሲል ዲምፕና ልትመራው ወረደች። የት መቆም እንዳለባት የነገራት የለም። ቀጥ ብላ ከኋላ ቆማ ሁለት እጇን ታወናጭፋለች፤ «ቁም» ብትልም ነፋሱ ድምፅዋን ወሰደው። ዘልላ ባታመልጥ ኖሮ ከግንቡ ጋር ያጣብቃት ነበር። የመኪናዋ ጥግ ግንቡ ላይ ተጨረመተ። ፊንታን በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ከስፖኪዮው ውጪ ቆመሽ ማንን ነው የምትመሪው፣ ሴትዮ?» ሲላት፣ ደጅ ወንበር ዘርግቶ የተቀመጠው ሁሉ ሳቀ። እሷ ያን ቀን ተመልሳ ዳግመኛ እንደማትሳፈር ማለች። አንዴ «ነይ እንሂድ» ቢላት መሐላዋን ታፈርስ ነበር። ሳይላት ቀረ። በየበጋው ብቻውን እየሄደ፣ ፀሐይ መቶት፣ ባሕር ባሕር እየሸተተ ይመለሳል።

ዲምፕና ተነሥታ ቁልፉን ከጠረጴዛው አነሣችና ለኑአላ ዘረጋችላት። «ጓዳዋን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ራስሽ አንሻት።»

ኑአላ ቀላች፣ ግን ቁልፉን ተቀበለች። ዲምፕናም ተከትላት ወጣች። ያን መሐላ ከማለች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቷን ወደ መኪናዋ ውስጥ አስገባች። ሴት የረሳችውን ነገር ነበር የምትፈልገው፤ የፀጉር ማስያዣ፣ የከንፈር ቀለም፣ ሁለተኛ ትራስ። አንድ ትራስ ብቻ ነበር። የተሰቀለውም ኩባያ አንድ ነው።

ኑአላ የዲምፕናን ዓይን ተከትላ አየችና ገባት። «እዚህ ውስጥ ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው፣ ወይዘሮ ዲምፕና» አለች። «ማብሪያዋን የኔ መኪና ላይም እዚያው ቦታ አስገጥሚ ብሎ በስልክ ነው የነገረኝ።»

ዲምፕና ዞር ብላ ወደ ኋላ ሄደች። የተጨረመተው ጥግ እንዳለ ነው። መኪናዋን እንደ ሙሽራ የሚያጥባት ሰው፣ ትንሽ ጭረት ካየ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ይህን አልነካውም።

«ይሄን ያልጠገነው ለምንድን ነው?»

ኑአላ ወርዳ አጠገቧ ቆመች። «የመኪናዬን በር ጭሬ ስለ ቀለሙ ሲያስረዳኝ ጠይቄው ነበር። ‹እሱማ የዲምፕና ነው፣ አብራኝ የሄደችው ያኔ ብቻ ነው› አለኝ። ታዲያ ለምን አትጠራትም ስለው፣ ‹እምቢ ብትለኝስ› አለ።»

ዲምፕናን የተሰማት ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ያው ቅናቷም ነበር። «ይህን ላንቺ ነገረሽ» አለች። «ለኔ መንገር ያለበትን ላንቺ።»

«አዎ» አለች ኑአላ፣ አንገቷን ደፍታ። ከዚያም የከብቶቹ ቤት ግድግዳ ቅርብ ስለሆነ ከኋላ የሚመራት እንደሚያስፈልግ ተናገረች። በሩ ላይ የቆመው ማላኪ ወደ እነሱ ሊመጣ እግሩን አነሣ።

«አንተ እዚያው ሁን» አለችው ዲምፕና።

ኑአላ ገብታ ማብሪያዋን ተጫነች። ሞተሩ ተነሣ። ዲምፕና በጭቃው ውስጥ ወደ ጎን እየተራመደች፣ ስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሯን ዓይን እስክታገኝ ሄደችና ቆመች። ቀኝ እጇን አነሣች። ነይ፣ ነይ፣ ቀስ። መኪናዋ እየታዘዘቻት ኋላ ኋላ መጣች፤ በቤቱ በር ፊትም ለሣጥኑ መውጫ ተከፈተ። ግድግዳው ሲቀርብ የተጨረመተውን ጥግ በመዳፏ ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

ኑአላ ሞተሩን አጠፋች። ዲምፕና እጇን ከዚያ አላነሣችም።